ዩሪክ አሲድ ኩላሊትን ይጎዳል ወይስ የተጎዳ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ያበዛል?

የደብረ ብርሃን ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ። የ64 ዓመት አባቴን ባለፈው ሳምንት ለጠቅላላ ምርመራ ወስጃቸው ነበር። አንድም ቀን ኩላሊቴን አመመኝ ብለው አያውቁም፤ የወሰድኳቸውም የደም ግፊታቸው አልወርድ ስላለ ብቻ ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ተከበው መጡ፦ ዩሪክ አሲድ 8.9፣ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀም ዝቃጭ) 1.9። ውጤቱን ያየልን ባለሙያ «ዩሪክ አሲዱ ኩላሊታቸውን እየበላው ነው» ብሎ ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰውን አሎፑሪኖል በቀን 300 ሚሊግራም አዘዘላቸው፤ ሥጋም እንዳይቀምሱ አስጠነቀቃቸው። ለሌላ ሐኪም ስደውል ደግሞ «ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኩላሊቱ ስለደከመ ነው ዩሪክ አሲዱ የተጠራቀመው፤ ለቁጥር ብለህ መድኃኒት አታስጀምራቸው» አለኝ። ሁለቱም የተማሩ ናቸው፣ ሁለቱም የተናገሩት እርግጠኛ ሆነው ነው። መድኃኒቱ ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አባቴም «እናንተ እስክትስማሙ እኔ ቡናዬን ልጠጣ» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከሁለቱ የትኛው ነው የሚቀድመው?

ስቴቶስኮፕ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15)

ያላየኋቸውን ታማሚ በጽሑፍ ማከም ስለማልችል «ይጀምሩ» ወይም «አይጀምሩ» አልልዎትም። የጠየቁት ነገር ግን በቂ መልስ ያለው ነው።

ዩሪክ አሲድ ፒውሪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ተሰባብረው በመጨረሻ የሚቀር ዝቃጭ ነው። ፒውሪን ከምንበላው ሥጋ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል፤ የሚበዛው ግን በየቀኑ ከሚያረጁትና ከሚታደሱት ከራሳችን ሕዋሳት ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪኬዝ የሚባል ኢንዛይም ስላላቸው ዩሪክ አሲድን በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጡታል። የሰው ዘር ይህን ኢንዛይም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ስላጣው፣ እኛ ዩሪክ አሲድን ማስወጣት እንጂ ማፍረስ አንችልም። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚወጣው በኩላሊት፣ የቀረው በአንጀት ነው። የሚገርመው ደግሞ ኩላሊት ካጣራው ዩሪክ አሲድ ውስጥ 90 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ስለዚህ የማጣራት አቅም ትንሽ በቀነሰ ወይም መልሶ የመምጠጡ ሥራ ትንሽ በበረታ ጊዜ ቁጥሩ ወዲያው ከፍ ይላል። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ብዙ የሚያመርቱ ሳይሆኑ ትንሽ የሚያስወጡ ናቸው።

አሁን ወደ አባትዎ ልመለስ። ክሪያቲኒን 1.9 የሆነ የ64 ዓመት ወንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ወደ 39 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ አቅም ከሦስት ወር በላይ ከ60 በታች ሆኖ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል፤ 39 ደግሞ ደረጃ 3ለ ውስጥ የሚገባ ነው። በዚህ አቅም ላይ 8.9 ዩሪክ አሲድ ማየት እኔን አያስደነግጠኝም፤ ባላየው ነበር የምገረም። የሚያስደነግጠኝ በወረቀቱ ላይ የሌለው ነገር ነው። የሽንት አልቡሚን (ወደ ሽንት የሚያመልጥ ፕሮቲን) ተለክቷል? ከዚህ በፊት የተለካ ክሪያቲኒን አላቸው? የትኞቹን መድኃኒቶች ይወስዳሉ? የእግራቸው አውራ ጣት ወይም ቁርጭምጭሚታቸው በድንገት አብጦና ቀልቶ ያውቃል? እነዚህን አራት ነገሮች ሳያውቁ በዩሪክ አሲዱ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ተጠራጣሪ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

ለስቴቶስኮፕ ከነሙሉ አክብሮቴ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የታተሙ፣ በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ነበሩ። ዩሪኬዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚያግድ ኦክሶኒክ አሲድ ተሰጥቷቸው ዩሪክ አሲዳቸው በመጠኑ ከፍ እንዲል ሲደረግ፣ ኩላሊታቸው ውስጥ አንድም ጠጠር ሳይታይ የደም ግፊታቸው ጨመረ፤ ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገቡት ትናንሽ የደም ሥሮችም ግድግዳቸው ወፈረ። አሎፑሪኖል ሲሰጣቸው ይህ ጉዳት ሳይደርስ ቀረ። ይህ «ተከማችቶ የተገኘ ምልክት» ሳይሆን ጉዳት አድራሽ ነው።

በሰውም ላይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆንግ ኮንግ በ54 ሰዎች፣ በ2010 ደግሞ ከማድሪድ በ113 ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሎፑሪኖል የወሰዱት ሰዎች ኩላሊታቸው ቀስ ብሎ እንደደከመ አሳይተዋል። ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችም ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለኩላሊት ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ደጋግመው አሳይተዋል። የአጎቴ ልጅ በዚሁ መድኃኒት ክሪያቲኒኑ ከ2.1 ወደ 1.7 ወርዶለታል። ታዲያ ምን ስንጠብቅ ነው?

ጥናት አንባቢ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05)

ተጠራጣሪ የጠቀሷቸው ጥናቶች እውነተኛ ናቸው፤ ታሪኩ ግን 2010 ላይ አላበቃም። እነዚያ አነስተኛ ጥናቶች ያሳዩትን ተስፋ ለማረጋገጥ ነበር ሰፋ ያሉት የተካሄዱት።

በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የተካሄደው ሲኬዲ-ፊክስ የተባለው ጥናት ደረጃ 3 እና 4 የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን፣ ሪህ (ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ጠጥሮ የሚያመጣው ሕመም) ግን ይዟቸው የማያውቁ 369 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ አሎፑሪኖል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለሁለት ዓመት ወሰዱ። አሎፑሪኖል የወሰዱት ሰዎች ዩሪክ አሲድ ከ8.2 ወደ 5 አካባቢ ወረደ፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም ግን በዓመት 3.33 ሲቀንስ፣ የሌሎቹ 3.23 ቀነሰ። ልዩነት የለም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በዚያው ዓመትና በዚያው መጽሔት ፐርል የተባለው ጥናት ደግሞ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸውን 530 ሰዎች ለሦስት ዓመት ተከታትሎ ከዚያው መደምደሚያ ደረሰ። በጃፓን ፌቡክሶስታት በተባለ ሌላ ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፌዘር የተባለው ጥናትም በዋናው መለኪያው ጥቅም አላገኘም።

ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ሰው ከእናት ከአባቱ በወረሰው ዘረመል ምክንያት ዕድሜ ልኩን ዩሪክ አሲዱ ከፍ ብሎ ይኖራል። ይህ ተፈጥሮ ራሷ ያወጣችው ዕጣ ስለሆነ፣ አኗኗርና ሕመም ያን ያህል አያደናግሩትም። ዩሪክ አሲድ በእርግጥ ኩላሊትን የሚያደክም ከሆነ በእነዚህ ሰዎች ላይ የኩላሊት ሕመም ሊበዛ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ይህን ፈልጎ አላገኘም። ሪህ ግን በዝቶባቸው ተገኝቷል። ስለዚህ ብዙ ሺህ ሰዎችን የተከታተሉት ጥናቶች ያዩት ዝምድና በአብዛኛው ስቴቶስኮፕ ያሉት ነው፤ ገና በክሪያቲኒን ያልታየ የኩላሊት ድካም አስቀድሞ በዩሪክ አሲድ ላይ ይታያል። አይጦቹን በተመለከተ፣ ኢንዛይም ያለውን እንስሳ ኢንዛይሙን ነጥቆ የተገኘ ውጤት ኢንዛይሙን ካጣ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ለሆነው ፍጡር እንዳለ አይገለበጥም።

ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያው፣ የሕመም ምልክት ሳይኖር ኩላሊትን ለማዳን ተብሎ ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል።

ተጠራጣሪ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30)

ስለ ሲኬዲ-ፊክስ ሳይገለጽ የታለፈ ነገር አለ። 620 ሰዎችን ለመመዝገብ አቅዶ ሰው በማጣቱ 369 ላይ ቆመ። ፐርል ውስጥ የገቡት ሰዎችም ሲጀመር ዩሪክ አሲዳቸው በአማካይ 6.1 ገደማ ነበር፤ ይህ ከፍተኛ የሚባል አይደለም። በጃፓኑ ጥናትም ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን በሌለባቸው ሰዎች ላይ ጥቅም የመሰለ ነገር ታይቷል። በሩ ተዘግቷል ለማለት ይቸኩላል።

ጥናት አንባቢ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10)

እውነት ነው፣ በሩ አልተቆለፈም። ነገር ግን ባልተቆለፈ በር ሁሉ አባታችንን አናስገባም። የአጎትዎ ልጅ ክሪያቲኒን መውረዱ ያስደስታል፤ በዚያው ሰሞን ሌላ የተለወጠ ነገር ካለ ግን ቢጠይቁት መልካም ነው።

ከስቶክሆልም (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00)

እዚህ ያለው ክር አስደንግጦኛል። የእኔ ዩሪክ አሲድ 480 ነው። የአባትዎ 8.9 ከሆነ እኔ እንዴት በሕይወት አለሁ?

ቤተ ሙከራ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25)

አይደንግጡ። የእርስዎ በማይክሮሞል በሊትር፣ የጠያቂው አባት በሚሊግራም በዴሲሊትር የተለካ ነው። የእርስዎን ለ59.5 ቢያካፍሉት 8.1 ገደማ ይመጣል። ከፍ ያለ ነው፤ ግን ከአባታቸው አይበልጥም። ዩሪክ አሲድ በሰውነት ሙቀት ደም ውስጥ ሟሙቶ መቆየት የሚችለው እስከ 6.8 ድረስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ጠጣር የመሆን ዕድል ያገኛል። እንደ እግር ጣት ያሉ ቀዝቃዛ ቦታዎች የሚጠቁት ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ከ6.8 በላይ ሆነው ዕድሜ ልካቸውን ሪህ ሳያውቁ የሚኖሩ ሰዎች ይበዛሉ።

ለጠያቂውም አንድ ነገር ልጨምር። ውጤቱ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ከሆነ፣ አባትዎ ከምርመራው በፊት ስንት ሰዓት ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ እንደቆዩ ይጠይቋቸው። ረጅም ጾምና የውኃ እጥረት ሁለቱንም ቁጥሮች ከፍ ያደርጓቸዋል።

ፋርማሲ ቤት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

ክርክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ስቴቶስኮፕ ከጠየቋቸው አራት ጥያቄዎች አንዱም ሳይመለስ ሁለት ቀን አለፈ። ጠያቂው ሆይ፣ አባትዎ በቤት ውስጥ የሚያስቀምጧቸውን መድኃኒቶች ሁሉ አንድ በአንድ ያውጡና ስማቸውን ይጻፉልን። «የግፊት መድኃኒት» አይበሉን፤ ከእሽጉ ላይ ያለውን ስም ይገልብጡ። ያለ ትእዛዝ የተገዛውንም፣ ከጎረቤት የመጣውንም አይተዉ።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10)

እሺ፣ ዛሬ አደረግሁት፤ ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ብዬ የምቆጭበትም ሆነ። አባቴ መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡት በአልጋቸው ራስጌ በተሰቀለ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው። ፍራሹ ላይ ገለበጥኩት። የወጣው ይህ ነው፦ ኢናላፕሪል 10፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25፤ አስፕሪን 81፤ ኦሜፕራዞል፤ ከዚያ ደግሞ አምስት የዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) እሽግ፣ ሦስቱ ባዶ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሙሉ። «ይህ ምንድን ነው?» ስላቸው «እሱ መድኃኒት አይደለም፣ ለሪሄ ነው» አሉኝ።

በዚያው ስጠይቃቸው የማላውቀው ታሪክ ወጣ። ላለፉት ሁለት ዓመታት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አራት ጊዜ ያህል ሌሊት በድንገት ተነስቶባቸዋል፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻቸዋል፤ በሳምንት ውስጥ ይተዋቸዋል። በተነሳባቸው ቁጥር ከሰፈር መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዙ በቀን ሦስት ጊዜ ይውጣሉ። ሕመሙ ከተዋቸው በኋላም «እንዳይመለስ» ብለው አንዳንድ ማታ ይወስዱታል። እኔ ደብረ ብርሃን እንጂ ሌላ አገር አልኖርም፤ ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ነው የምኖረው።

ፋርማሲ ቤት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45)

ይኸው እንግዲህ። ዩሪክ አሲዱን ለጊዜው እንተወውና ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ እንያቸው።

ኩላሊት ማጣራት የሚችለው በውስጡ በቂ ግፊት ሲኖር ነው። ዳይክሎፌናክ ወደ ማጣሪያው የሚያስገባውን የደም ሥር ያጠብበዋል፤ ኢናላፕሪል ከማጣሪያው የሚያስወጣውን ያሰፋዋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በሽንት ውኃና ጨው አስወጥቶ የሚገባውን ደም ይቀንሳል። ኢናላፕሪል ብቻውን ሲሆን ኩላሊትን የሚጠብቅ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ግን በተለይ በበጋ፣ በተቅማጥ ወይም በጾም ሰሞን ማጣሪያው ግፊት ያጣል። ዳይክሎፌናክ ከዚህም ሌላ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የአባትዎ ግፊት «አልወርድ ያለውም» በዚህ ሊሆን ይችላል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድና በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ዩሪክ አሲድ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ነገሩን በቅደም ተከተል ካየነው፣ ለግፊት የታዘዘው መድኃኒት ዩሪክ አሲዱን እንዳይወጣ አገደ፣ ዩሪክ አሲዱ ሪሁን ቀሰቀሰ፣ ሪሁ ዳይክሎፌናኩን አስገዛ፣ ዳይክሎፌናኩ ኩላሊቱንና ግፊቱን ጎዳ፣ የተጎዳው ኩላሊት ደግሞ ዩሪክ አሲዱን ይበልጥ አጠራቀመ። ዩሪክ አሲድና ኩላሊት በሀገራችን በጣም የሚገናኙበት መንገድ በእኔ ግምት ይህ ነው፤ ባንኮኒዬ ፊት ለፊት ቆሜ ሁልጊዜ አየዋለሁ። በራስዎ ግን አይፍረዱ። ዳይክሎፌናክ በየሱቁ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው፤ ማን «መድኃኒት ነው» ብሎ ይቆጥረዋል?

የግፊት መድኃኒቶቹን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ዳይክሎፌናኩ ግን ዛሬ ማታ ከቤት ይውጣ።

ስቴቶስኮፕ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30)

አሁን መልሴ ይለወጣል፤ የተለወጠውም እኔ ሐሳቤን ስለቀየርሁ ሳይሆን ጥያቄው ስለተቀየረ ነው። ሰኞ የጠየቁኝ ምልክት ስለሌለው ከፍተኛ ዩሪክ አሲድ ነበር። ዛሬ የገለጹልኝ ሰው ግን ሪህ አለበት። ለሪህ፣ ያውም የኩላሊት ሕመም ላለበትና በተደጋጋሚ ለሚነሳበት ሰው፣ ዩሪክ አሲዱን ከ6 በታች የሚያደርስ ሕክምና ይመከራል፤ አሎፑሪኖልም የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያያቸው ባለሙያ ትክክለኛውን መድኃኒት በተሳሳተ ምክንያትና በተሳሳተ መጠን ነው ያዘዘው። ኩላሊታቸውን ለማዳን ሳይሆን ጣታቸውን ለማዳን ነው የሚጠቅማቸው። ጣቱ ሲድን ዳይክሎፌናክ ስለማያስፈልግ፣ ኩላሊቱ በጓሮ በር ይጠቀማል።

መጠኑን በተመለከተ፣ የማጣራት አቅሙ 39 የሆነ ሰው በ300 አይጀምርም። በ100 ወይም በ50 ተጀምሮ፣ በየጥቂት ሳምንታት ዩሪክ አሲድ እየተለካ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። በፍጥነት መጨመር ሁለት ጣጣ አለው፦ አንደኛ ራሱ ሪሁን ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛ አልፎ አልፎ የሚከሰተውንና ሕይወት እስከ መንጠቅ የሚደርሰውን የቆዳ አለርጂ አደጋ ከፍ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳቸው ላይ ሽፍታ፣ አፋቸው ውስጥ ቁስል ወይም ትኩሳት ካዩ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ሪሁ በሚነሳ ጊዜ ከዳይክሎፌናክ ይልቅ በኩላሊታቸው ልክ የተቀነሰ ኮልቺሲን ወይም ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ይሻላል። ለግፊቱም ሐኪማቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን በሌላ ይለውጥ እንደሆነ፣ ኢናላፕሪሉንም በሎሳርታን ይተካ እንደሆነ ይጠይቁት። ሎሳርታን ከወገኖቹ የሚለየው ዩሪክ አሲድን በሽንት በኩል በመጠኑ ስለሚያስወጣ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በእኛ አነጋገር «ሪህ» ለሁሉም የመገጣጠሚያ ሕመም ይውላል፤ ጉልበት ላረጀበትም፣ ወገብ ለተያዘውም ሪህ ነው ይባላል። የአባትዎ ታሪክ ግን እውነተኛውን ሪህ ይመስላል። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት የሚወሰድ የዩሪክ አሲድ ምርመራ እንደ ጤነኛ ሰው ያለ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ «ነጻ ነዎት» ቢባሉ እንዳይታለሉ።

ማን ይናገር የነበረ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

አሎፑሪኖል በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት ሪሁ ከበፊቱ ብሶ ተነሳብኝ። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብዬ ወረወርሁት። ከዓመት በኋላ ነው አንድ ሐኪም የተከማቸው መሟሟት ሲጀምር መጀመሪያ እንደሚረብሽና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ትንሽ ኮልቺሲን አብሮ እንደሚሰጥ የነገረኝ። አባትዎ ይህን ቀድመው ይወቁት፤ አለዚያ በሦስተኛው ሳምንት ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ዳይክሎፌናክ ነው የሚፈልጉት።

የአራዳዋ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡50)

ስለ ምግብ ማንም አልተናገረም። ባለቤቴ ተመሳሳይ ቁጥር ተገኝቶበት ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ሁሉ ተከለከለ። በጾም ወራት ምን ላብላው?

ጥናት አንባቢ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡20)

ሽሮውን ይመልሱለት። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙ ሰዎች ሪህ ሲበዛባቸው፣ ፒውሪን ያለባቸውን ጥራጥሬና አትክልት የሚያበዙት ግን እንዳልበዛባቸው አሳይቷል፤ ወተት የሚያዘወትሩት ደግሞ ቀንሶላቸዋል። መከልከል ካለበት ዱለቱ ነው፤ ጉበቱም፣ ጨጓራውም ፒውሪን የሞላባቸው ናቸው። ቁርጥ በየሳምንቱ፣ ቢራ በየማታው፣ ለስላሳ መጠጥ በየምሳው ቢቀነስ ጥሩ ነው፤ በስኳር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ዩሪክ አሲድ ያመርታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ቁጥሩን የሚያወርደው አንድ ያህል ነጥብ ነው፤ 8.9ን 6 አያደርገውም። ስለዚህ ሪህ ያለበትን ሰው «ሥጋ ስለበላህ ነው» ብሎ ማሸማቀቅ ተገቢ አይመስለኝም።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ስለ ጾም የሚያስብ ከሆነ ትልቁ ጉዳይ ከምግቡ ይልቅ ውኃው ነው። የግፊት መድኃኒት እየዋጡ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መዋል ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ነገር ነው።

የሪያድ ሠራተኛ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡30)

እኔ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። በዚህ ሙቀት ሽንቴ እንደ ሻይ ይጠቁራል። የዩሪክ አሲድ ነገር ለእኛ ይመለከተናል?

ስቴቶስኮፕ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50)

ይመለከታል። በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች፣ ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው ወጣቶች፣ በሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ሲያልቁ ታይቷል። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ በሙቀት ውስጥ ከባድ ሥራ ጡንቻን ስለሚሰባብር ዩሪክ አሲድ ይበዛል፤ ሽንት ደግሞ ወፍሮና አሲዳማ ሆኖ ስለሚወርድ በቱቦዎቹ ውስጥ ይረጋል። ዋናው መንስኤ ይህ ነው ተብሎ አልተቋጨም፤ ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት እንደሚያስፈልግ ግን የሚከራከር የለም። በሳዑዲ በበጋው ወራት ከ6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ማሠራት የተከለከለ ነው፤ ያን ሰዓት በጥላ ይዋሉ። ጥማትዎን በለስላሳ አይቁረጡ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የመዋጥ ልማድ ካለዎት ይተዉት። ሽንትዎ ውኃ ጠጥተው ካልጠራ፣ በተለይ የኮካ ቀለም ከያዘ፣ ይታዩ።

አዝሙድና ማር (ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡00)

ይህ ሁሉ ኬሚካል ለምን? ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ከሎሚ ጋር ለ40 ቀን ይጠጡ፤ ዩሪክ አሲድም ኩላሊትም ይጸዳል።

ፋርማሲ ቤት (ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡20)

የማጣራት አቅሙ 39 ለሆነ ሰው መጠኑ ያልታወቀ ነገር ለ40 ቀን አይሰጥም። በወጥ ውስጥ ያለውን አዝሙድ ማንም አልከለከለም።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ከሦስት ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ክሩን ከፍቼ መጥፋቴ ይቅር ይባልልኝ። በዚያው ሳምንት አባቴን ወደ አዲስ አበባ ወስጄ ኩላሊት የሚያክም ሐኪም አየልኝ። ሽንታቸው ውስጥ አልቡሚን ተገኘ፤ ብዙ ባይሆንም አለ። በአልትራሳውንድ ሁለቱም ኩላሊቶች ጥቂት አነስ ብለው ታዩ፤ ሐኪሙ «ይህ የዓመታት ግፊት ሥራ ነው፣ ዳይክሎፌናኩ ደግሞ ላዩ ላይ መጣ» አለን። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ነገር አልነበረም። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ በአምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪሉ በሎሳርታን ተለወጠ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖታሲየማቸው ተለካ። አሎፑሪኖል በ100 ተጀምሮ አሁን 200 ላይ ነው፤ ትንሽ ኮልቺሲንም አብሮ ታዟል።

ሐሙስ የመጣው ውጤት ይህ ነው፦ ዩሪክ አሲድ 5.8፣ ክሪያቲኒን 1.6። በሐኪሙ ስሌት የማጣራት አቅማቸው 48 ሆኗል። ተጠራጣሪ «አላልኋችሁም!» ሳይሉኝ በፊት ሐኪሙን ራሴ ጠየቅሁት፤ «ክሪያቲኒኑን ያወረደው አሎፑሪኖሉ ነው ወይ?» አልሁት። ስቆ ወደ ቀድሞው ውጤት ገለጠልኝ። ዳይክሎፌናኩ በቆመ በአንድ ወሩ፣ አሎፑሪኖሉ ገና ሳይጀመር፣ ክሪያቲኒኑ 1.6 ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ከዚህ በላይ እንደማይወርድም ነግሮናል።

ሪሁ አንድ ጊዜ፣ በአምስተኛው ሳምንት ተነስቶባቸው ነበር። «ማን ይናገር የነበረ» የተባሉት ሰው አስቀድመው ስላስጠነቀቁን አልደነገጥንም፤ ባንነገር ኖሮ መድኃኒቱን እኔ ራሴ እወረውረው ነበር።

ሐኪሙ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ «ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን አይሰጣቸው፤ ኩላሊታቸው የታመመ ነው» ብሎ ጽፎ ማኅተም አሳርፎላቸዋል። አባቴ በፕላስቲክ አስለብጠው ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘውታል። ባለፈው ሳምንት ከእድር ሲወጡ አንድ ጓደኛቸው ጉልበቱን አሞት ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆሞ አገኙት፤ ወረቀቷን አውጥተው አሳዩትና «አንተስ ተለክተሃል?» አሉት።

ነገ እሱን ይዘን ለክሪያቲኒን ልንሄድ ነው። ከጠዋቱ ውኃ ሳይጠጣ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።